አባ ይፍረስና ውሃ ውስጥ የተነከረው አምስተኛ ክፍል

አገሩን ሙሉ ብትዞሩ፣ ሰው ለሥራ በተሰበሰበበት ሁሉ መሣሪያ ያልያዘ አንድ ሰው አታጡም። ሌላው ዶማና ገጀራ ይዞ ላቡን ሲያንጠፈጥፍ እሱ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይቆማል። አንገቱን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ሥራው ሊያልቅ አንድ ሚስማር ሲቀረው አፉን ይከፍታል። የሠርግ ዳስ ሲጣል አለ፣ የቀበሌ መንገድ ሲጠረግ አለ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል እንኳ አይቀርም። ፈጣሪ ለየመንደሩ አንድ አንድ አድሏል። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ላለችው ትንሽ መንደር ግን የሁለት መንደር ድርሻ ሳይደርሳት አልቀረም።

የመንደሯ ድርሻ አባ ሻዕባን ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ግን እሳቸው በሌሉበት «አባ ይፍረስ» ይሏቸዋል። ስሙን ማን እንዳወጣው መምህርት በለጡ አሳምራ ታውቃለች፤ ያወጣችው እሷ ናት። አንድ ቀን ችግኝ እያጠጣች፣ የሚሰማት ሰው ያለ ሳይመስላት አጉተመተመችው። በማግስቱ አንደኛ ክፍሎች ሳይቀሩ ይዘውት አገኘቻቸው።

በለጡ በ1977 ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናት። በዚህ በምንተርከው ዓመት፣ በ1987፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ርዕሰ መምህሩ በዝውውር ከሄደ ወዲህ ተወካይ ርዕሰ መምህርም፣ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል አስተማሪም፣ ደወል ደዋይም እሷ ሆናለች። ትምህርት ቤቱ የአራት ክፍል ተማሪና የሁለት ክፍል ቤት ስላለው ትምህርቱ ግማሹ ውጪ ነው። ልጆቹ መደመርና መቀነስን ከትልቁ ዛፍ ሥር በማንጎ ፍሬ፣ የተክል ክፍሎችን በማሽላ ማሳ ዳር፣ ካርታን ደግሞ መሬት ላይ በእንጨት እየጫሩ ይማራሉ። ውጪ የሚሰጥ ትምህርት ደግሞ አንድ ችግር አለው፤ በር ስለሌለው ክቡር ሊቀመንበሩን ማስቀረት አይቻልም።

በጥቅምት የአራተኛ ክፍል ልጆች የመንደራቸውን ካርታ ሠርተው ሊጨርሱ ሲሉ አባ ሻዕባን ደረሱ። አንገታቸውን አዘነበሉ።

«ወንዝ እዚያ አይደለም» አሉ። «ይፍረስ።»

በለጡ «አባ ሻዕባን፣ ምሳሌ እኮ ነው» ብትላቸው በጫማቸው ካርታውን አጠፉት። ከዚያ ሠላሳ አንዱን ተማሪ አስከትለው ወንዙ የሚታጠፍበትን ቦታ ሁሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ እያዞሩ አሳዩ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እዚያው በወንዝ ዳር ቀለጠ። በለጡ እስከ ማታ ስትበግን ዋለች። በእርግጥ ወንዙ እሷ ባስቀመጠችው ቦታ አልነበረም፤ ያንን ግን ለማንም አልተናገረችም።

በኅዳር የሽንት ቤት ጉድጓድ ተቆፈረ። ሰፋሪዎቹ አራት ቀን ደክመው ሲጨርሱ አባ ሻዕባን ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ነፋሱ አነሱና «ሽታው ወደ ልጆች ይሄዳል፣ ይፍረስ» አሉ። ጉድጓድ እንዴት ይፈርሳል? ይደፈናላ። ተደፈነ፣ ሌላ ተቆፈረ። በታኅሣሥ ደግሞ ስድሳ ችግኝ በቀጥታ መስመር ከተተከለ በኋላ፣ ከሥሩ ምስጥ አለ ብለው ስድሳውንም አስነቀሉ። ችግኞቹ ሌላ ቦታ ተተክለው አምሳ ስምንቱ ጸደቁ። አባ ሻዕባንን ያመሰገነ ሰው ግን አልተገኘም፤ እሳቸውም ምስጋና ሲጠብቁ አልታዩም። በለጡን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነበር። ዓመቱን ሙሉ እኚህ ሰው አንድ ቀን ዶማ ሲያነሱ አላየችም።

ደብዳቤው የመጣው በሚያዝያ አጋማሽ ነው። ክልሉ አዲስ ነው፤ ወረቀቱ ግን የድሮው ስለሆነ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ስም በእስክሪብቶ ተሰርዞ የአዲሱ ስም ከላዩ ላይ ተጽፎበታል። ለሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ክፍል መክፈት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ጣሪያና ግድግዳ ያለው ተጨማሪ ክፍል አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ይላል። የሚያዩት ሰዎች ግንቦት ሃያ ስምንት ይመጣሉ።

በለጡ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በቅርብ የሚገኘው አምስተኛ ክፍል የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ መሄጃ ብቻ። አራተኛ ክፍል ውስጥ ሰባት ሴት ልጆች አሉ። ከሰባቱ አንዷ ኢቲዳል ናት፤ ጥያቄው ተጽፎ ሳያልቅ መልሱን የምትናገር፣ አስተማሪን የምታስፈራ ዓይነት ልጅ። አባቷ ጁምዓ ክፉ ሰው አይደለም። በለጡን መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር የሚነግራት ግን አንድ ነገር ነው።

«መምህር፣ እዚህ አምስት ካለ ልጄ ይማራል። ከሌለ፣ አራት ይበቃል። መንገድ ሩቅ ነው፣ እሱ ሴት ነው።»

ስለዚህ ሥራው ተጀመረ። ሰፋሪው ደቦ ይለዋል፣ ከወለጋ የመጡት ጂጊ ይሉታል፣ አባ ሻዕባን ነፊር ይሉታል፤ ሁሉም ጋ ግን ሰው ተጠራርቶ ይሠራል፣ ጠሪው ያበላል። ጠሪው አባ ሻዕባን ነበሩ። ፍየል አረዱ፣ ሚስታቸው የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ በትልቅ ድስት አቀረቡ። ምሰሶው ቆመ፣ አንዴ ተነቅሎ እንደገና ቆመ፤ ጣሪያው በሣር ተከደነ፣ በአንድ በኩል ፈርሶ እንደገና ተከደነ። ግንቦት ሃያ ላይ የቀረው ግድግዳው ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ዳበሳ ከነሰዎቹ ሦስት መቶ ቀርከሃ ተሸክሞ ግቢው ውስጥ ዘረገፈ። ዳበሳ የወለጋ ሰው ነው፤ ጠንካራ ገበሬ፣ ሲሠራ የሚዘምር፣ ሲጨርስ የሚስቅ። ለሁለት ቀን ሲቆርጥ ሰንብቶ እጁ ተልጧል።

አባ ሻዕባን አንዱን ቀርከሃ አነሱ። የተቆረጠበትን ጫፍ በጥፍራቸው ጫሩት። ከዚያ ላሱት።

በለጡ ቀረብ አለች።

«ጣፋጭ ነው» አሉ አባ ሻዕባን። «ዝናብ ጠጥቷል። ነቀዝ ይሄን ይወዳል። ይፍረስ።»

ገና ያልተሠራውን ግድግዳ አፈረሱት። ቀርከሃ የሚቆረጠው በበጋ ነው፣ ዝናብ ከቀመሰ ግን ጣፋጩ ታጥቦ እስኪወጣ ሃያ አንድ ቀን ወንዝ ውስጥ መነከር፣ ከዚያ አሥራ አራት ቀን ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት፣ አሉ።

«አባ ሻዕባን» አለች በለጡ ድምጿን እየተቆጣጠረች፣ «ነቀዙ የሚበላው በሁለት ዓመት ነው። ሰዎቹ የሚመጡት በስምንት ቀን ነው።»

«መምህር፣ አንተ ልጅ ነህ» አሉ። እንደ ጁምዓ ሁሉ አባ ሻዕባንም በአማርኛ ሴትንም ወንድንም በአንድ «አንተ» ነው የሚያስተናግዱት፤ ቤታቸው የሚነገረው በርታኛ ነው። «ሰዎቹ ይሄዳሉ። ነቀዝ ይቀራል።»

ዳበሳ የተላጠ እጁን እያየ ጥርሱን ነከሰ። ግን ምን ያድርግ? የነፊር ሕግ አለ፤ የጠሪውን ገንፎ የበላ ሰው ፀሐይ እስክትገባ የጠሪውን ቃል ይሰማል። ዳበሳ ደግሞ ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሳህን በልቷል። ሦስት መቶው ቀርከሃ ወደ ወንዝ ወረደ። አባ ሻዕባን አራተኛ ክፍሎችን አስከትለው ድንጋይ እያስጫኑ አስጠለቁት፤ ልጆቹ ድንጋዩን ይቆጥራሉ፣ ኢቲዳል ደብተሯ ላይ ቀኑን ትጽፋለች፣ የሷ ዕጣ አብሮ እየሰመጠ ነው። በለጡ ዳር ቆማ ስታይ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

አምስት ቀን ለመነች። ሽማግሌ ላከች። አባ ሻዕባን ለሽማግሌዎቹ ሻይ አጠጥተው መለሷቸው። በስድስተኛው ቀን አሶሳ ገበያ መሄዳቸውን ስታረጋግጥ፣ ዳበሳንና አሥር ሰው ይዛ ወንዝ ወረደች። ያን ቀን የማንንም ገንፎ የበላ አልነበረም። አርባ ቀርከሃ አውጥተው ግቢ አደረሱ፤ ለሁለተኛው ሸክም ሲመለሱ ሁሉም ባሉበት ቆሙ።

ክቡር ሊቀመንበሩ ወንዙ ውስጥ ተቀምጠዋል። ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ ከገበያ የያዙትን ፌስታል ዳር ላይ አስቀምጠው፣ ቀርከሃው ክምር ላይ ቁጭ ብለዋል። ውሃው ደረታቸው ደርሷል።

«ውሰድ» አሉ። «ከነእኔ ውሰድ።»

«ኦቦ ሻዕባን፣ ይነሱ እንጂ፣ ይበርድዎታል» አለ ዳበሳ፤ ተናዶም እንኳ ትሕትናው አልተለየውም።

በለጡ ግን ፈነዳች። ውሃው ውስጥ ከነጫማዋ ገባች። «እርስዎ ምን አለብዎት! እዚህ የሚማር ልጅ የለዎት! ኢቲዳል ልትቀር ነው፣ ሰባቱም ሊቀሩ ነው፣ እርስዎ ቁጭ ብለው የነቀዝ ነገር ያወራሉ! አንድ ቀን እንኳ መሣሪያ ሳያነሱ የሰው ሥራ ማፍረስ ብቻ!»

አባ ሻዕባን ከሥራቸው ሊያፈተልክ ያለ ቀርከሃ በእጃቸው ተጭነው መለሱ። 

«ልጅ አለኝ» አሉ። «ሙርሳል። በደርግ ጊዜ እዚህ ትምህርት ቤት ሠራን። ትልቅ ሰው ይመጣል አሉ። ቶሎ፣ ቶሎ አሉ። በዝናብ ቆረጥን፣ በአራት ቀን ጨረስን። እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ በዚህ እጅ። ትልቅ ሰው መጣ፣ አጨበጨበ፣ ሄደ። በሁለት ዓመት ግድግዳው ዱቄት ሆነ፣ ወደቀ። ተመልሶ የመጣ የለም። ትምህርት ቀረ። ሙርሳል ሁለተኛ ክፍል ነበር።»

ውሃውን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት።

«አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አሶሳ መናኸሪያ ዕቃ ይሸከማል። አሁንም ሁለተኛ ክፍል ነው።»

 በለጡ እጃቸው ለምን ዶማ እንደማያነሳ ያኔ ገባት፣ አፈረችም። ንዴቷ ግን አልበረደላትም፤ ሰውዬው እውነታቸውን ነው፣ ኢቲዳልም በሁለት ቀን ውስጥ ትምህርቷን ልታጣ ነው፣ ሁለቱም እኩል እውነት ነበሩ። ዳበሳ ወደ ግቢ ወጣና አርባውን ቀርከሃ መልሶ አመጣ። በለጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ አንስታ ራሷ ጫነችበት።

ግንቦት ሃያ ስምንት ጠዋት መኪናው ደረሰ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። ቅጽ የያዙት አዛውንት ሰውዬ መነጽራቸውን አድርገው አዲሱን ቤት ዞሩት። መዞር እንኳ አላስፈለጋቸውም፣ በዚህ ገብተው በዚያ ወጡ።

«ወለል፣ አለ» አሉ እየጻፉ። «ጣሪያ፣ አለ፣ ደህና ነው። ግድግዳ?»

 ሰማንያ የሚሆን ወላጅ ግቢውን ሞልቶታል። ጁምዓ ከኋላ ቆሟል፣ ኢቲዳል ከፊት።

«ግድግዳው የት ነው መምህርት?»

«ውሃ ውስጥ ነው» አለች በለጡ።

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። እየተቀለደባቸው እንደሆነ ለማወቅ ሰዉን አንድ በአንድ አዩ። «ያለ ግድግዳ ክፍል አይባልም እኮ እህቴ። እኔ የማየውን ነው የምጽፈው» አሉና እስክሪብቶውን ወደ ቅጹ መለሱ።

በለጡ ወደ ልጆቹ ዞረች። «አራተኛ ክፍል፣ እንግዶቹን ወንዝ ውሰዷቸው» አለች። 

ሰውዬው ጫማቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ሄዱ፤ ወላጁም፣ አባ ሻዕባንም ተከተሉ። ወንዝ ዳር ኢቲዳል ልጆቹ አስቀድመው ያመጡትን ሁለት ቀርከሃ በገጀራ ሰነጠቀች። አንዱ ከዳበሳ የአምና አጥር የተነቀለ፣ በዝናብ የተቆረጠ ነው፤ ሲሰነጠቅ ቢጫ ዱቄት ተራገፈ። ሌላው ከአባ ሻዕባን አጥር የመጣ፣ ስድስት ዓመት የቆመ ነው፤ ውስጡ ንጹሕ ነበር። ነቀዙ ለምን እንደሚገባ፣ ውሃው ምን እንደሚያጥብ፣ ድንጋዩ ለምን እንደተጫነ ተናገረች። ከዚያ ደብተሯን ገለጠች።

«ግንቦት ሃያ ተነከረ። ሃያ አንድ ቀን፣ ሰኔ አሥራ አንድ ይወጣል። አሥራ አራት ቀን ይደርቃል፣ ሰኔ ሃያ አምስት። ለመጥረብና ለመማገር አሥር ቀን። ሐምሌ አምስት ያልቃል።»

«ይህን ሁሉ የት ተማርሽ?»

«እዚሁ» አለች ወንዙን እያሳየች።

ሰውዬው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «እኔ የትምህርት ቤቶቹን ዝርዝር የማስገባው ሰኔ ሠላሳ ነው» አሉ። «ከዚያ በኋላ በእጄ አይደለም። ተወካይዋ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል ብላ ትፈርም፣ እኔም ተመልሼ አየዋለሁ። ካላለቀ እሷን ነው የምጠይቀው።»

በለጡ እስክሪብቶውን ተቀበለች። አምስት ቀን ምንድን ነው? ልትፈርም ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አመቻቸች።

«አይሆንም» አሉ አባ ሻዕባን። «ሰኔ ሠላሳ አይሆንም። አሥር ሰው፣ አሥር ቀን። ሐምሌ አምስት።»

በለጡ በሕይወቷ ሰው መግደል የፈለገችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬው ቅጹን ሊያጥፉ ጀመሩ። እንግዶቹ ወደ መኪናው አዩ። ጁምዓ ከኋላ መጥቶ የልጁን ትከሻ ያዘ፣ ወደ ቤት ሊወስዳት ይመስላል።

ኢቲዳል አልተንቀሳቀሰችም። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጫረች።

«አሥር ሰው በአሥር ቀን ከሆነ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሃያ ሰው በአምስት ቀን ነው።»

 ከዚያ ዳበሳ የተላጠ እጁን አወጣ። «አሥር ሰው ከኔ ዘንድ» አለ። «ገንፎም አልፈልግም።» ጁምዓ ልጁን አየ፣ ሰዎቹን አየ፤ የልጁን ትከሻ ለቀቀ። «አሥር ከኛ» አለ።

ሁሉም ወደ አባ ሻዕባን ዞሩ፣ ቅጹን የያዙት ሰውዬ ጭምር። ክቡር ሊቀመንበሩ አንገታቸውን አዘነበሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በጣታቸው ሃያ ቆጠሩ።

«ሃያ ካለ ይሆናል» አሉ።

«እኚህን ሰው ያምኗቸዋል?» ሲሉ ሰውዬው በለጡን ጠየቋት።

«እኚህ ሰው ሁለት ጊዜ ያላፈረሱት ቤት ውስጥ ልጆቼን አላስቀምጥም» አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች፤ እውነት ነበር። ፈረመች።

ግድግዳው ሰኔ ሃያ ዘጠኝ አለቀ። የዳበሳ ወገን የሠራው አንዴ ፈርሷል። የጁምዓ ወገን የሠራውም ፈርሷል። ሁለቱም ወገን አባ ሻዕባንን በየቋንቋው ሲራገም ሰንብቷል።

መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል በአሥራ ዘጠኝ ተማሪ ተከፈተ። ኢቲዳል የፊተኛው መቀመጫ ላይ ናት፣ ሰባቱም ሴቶች አሉ። አባ ሻዕባን ጠዋት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ግድግዳውን አዩ፣ ማገሩን አዩ፣ የበሩን መቃን በእጃቸው ዳሰሱ። የሚፈርስ ነገር አጡ። ሽማግሌ ያለ ምክንያት ልጆች መሀል መግባት ይከብደዋል፤ ጥቂት ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አይተው፣ ቀስ ብለው ሄዱ። በማግስቱም እንዲሁ መጡ፣ እንዲሁ ሄዱ። በለጡ ከሰሌዳው ዘወር ብላ ጀርባቸውን ተመለከተች።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ብቻዋን መጣች። ሰሌዳውን ከግድግዳው አወረደች፣ የግራውን ሚስማር ነቅላ ሦስት ጣት ዝቅ አድርጋ መታችው፣ ሰሌዳውንም መልሳ ሰቀለችው። ወደኋላ ሄዳ አየችው፤ በግልጽ ተንጋዷል። ደወሉን ደወለች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ትምህርቱን ጀመረች።